ይድረስ ለክቡር የበረራ ሰዓት ማስያ

ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? እኔ ሻንጣ ከመጠበቅ በቀር ደህና ነኝ።

ትናንት የለንደንና የኒው ዮርክን ኤርፖርቶች ስጽፍልዎ ምንም አላቅማሙም። 5,541 ኪሎ ሜትር፣ 7 ሰዓት ከ1 ደቂቃ አሉኝ። ልቤን የወሰደችው ያቺ 1 ደቂቃ ናት። «7 ሰዓት ገደማ» ቢሉኝ ኖሮ እጠረጥርዎ ነበር። 1 ደቂቃ ለይቶ የሚያውቅማ አይዋሽም ብዬ ለእህቴ ደወልኩ። «በዚህ ሰዓት ከች እላለሁ፣ በር ላይ ጠብቂኝ።»

በኋላ ቁጥሩን ገልብጬ ሳየው ምስጢሩ ተገለጠልኝ። ርቀቱን በሰዓት 850 ኪሎ ሜትር በሚል ፍጥነት አካፍለው፣ ለመነሻና ለማረፊያ ብለው ግማሽ ሰዓት ጣል አድርገውበታል። አለቀ! ለተቀማጭ ሰማይ ቅርቡ ነው ማለት ይሄኔ ነው።

እኛ ግን ቀበቶ ታጥቀን፣ ተራ እየጠበቅን 40 ደቂቃ መሬት ለመሬት ተንፏቀናል። እሷንም ደቂቃ እኮ ትኬቱ ይቆጥራታል፣ እርስዎ ናቸው የማያውቋት። 7 ሰዓት ከ1 ደቂቃ ሲሞላ ከፊቴ ባለው ስክሪን ላይ ያቺ ትንሽዬ አውሮፕላን ካናዳ ውስጥ ኖቫ ስኮሺያ ላይ ተንጠልጥላለች። በጣቴ ለካሁት። ገና አንድ አውራ ጣት ይቀረናል።

ለመሆኑ ንፋስ የሚባል ነገር ሰምተው ያውቃሉ? 10 ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ጄት ስትሪም የሚሉት፣ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ የሚጋልብ ንፋስ አለ። ወደ ኒው ዮርክ ሲሄዱ ግንባርዎን ይገፋል፣ ሲመለሱ ጀርባዎን። እ.ኤ.አ. በ2020 አንድ ጃምቦ ጄት እሱን ተፈናጦ ከኒው ዮርክ ለንደን 5 ሰዓት ሳይሞላው ገብቷል። እርስዎ ጋ መሄጃውም መመለሻውም ያው 7 ሰዓት ከ1 ደቂቃ ነው። አቋም ይሏል እንዲህ ነው!

ፖለቲካማ ጭራሽ አይነካዎትም። እ.ኤ.አ. ከ2022 ወዲህ የሩሲያ ሰማይ ለአውሮፓ አየር መንገዶች በመዘጋቱ፣ ከሄልሲንኪ ቶኪዮ 9 ሰዓት ተኩል ገደማ የነበረው መንገድ 13 ሰዓት ያህል ሆኗል። የእርስዎ ሰማይ ግን አጥር የለውም።

ውለታ አልበላም፣ ካርታ ላይ የሚያሰምሯት ያቺ የቆለመመች መስመርዎ ትክክል ናት። ምድር ድቡልቡል ስለሆነች ካርታ ላይ የጎበጠው መንገድ ነው አጭሩ። ሉል ላይ ክር ወጥሬ አረጋግጫለሁ። ችግሩ መስመር በተሰመረበት ሁሉ አውሮፕላን ያለ የሚመስልዎ መሆኑ ነው። ከማድሪድ ዌሊንግተን ብልዎ ወደ 20,000 ኪሎ ሜትር፣ 24 ሰዓት ሊሞላ ጥቂት የቀረው በረራ ሰጡኝ። ማን ነው እሱን የሚበረው? ከመደበኛ በረራዎች ረጅሙ የሚባለው የሲንጋፖር–ኒው ዮርኩ እንኳ 15,300 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ከ18 ሰዓት በላይ ይፈጃል። ትራንዚቱስ? ወንበር ላይ አንጋጦ ማደሩስ? እንደገና ጫማ አውልቆ መፈተሹስ የት ገባ?

ይሄን ስጽፍ የእህቴ መልእክት ገባ። «የመኪና ማቆሚያውን እሱ ይክፈል» ትላለች። እሱ ያለችው እርስዎን ነው፤ ስለ አነጋገሯ ይቅርታ። ቆማ ነው የዋለችው።

አክባሪዎ፣
የወንበር 34ኤ ተሳፋሪ