ክርክር፦ «አባ፣ ምርጫ የለውም?»

በአዲስ አበባ የ6ኛ ክፍል ተማሪዎች ሰኔ ላይ ከተማ አቀፍ ፈተና ይቀመጣሉ። ወሩ ሲቃረብ ቤቱም ትምህርት ቤቱም ሞዴል ፈተና፣ ወርክሺትና የቅዳሜ ማጠናከሪያ ይሆናል። ይሄ ልጆችን ያግዛል ወይስ ያደክማል? አንዲት የሒሳብ መምህርትና አንድ የ6ኛ ክፍል ተማሪ አባት በጽሑፍ ተከራክረዋል።

መምህርቷ

ባለፈው ዓመት አንድ ጎበዝ ልጅ ነበረኝ። ሞዴል ፈተና ላይ ከ50 21 አመጣ። አላመንኩም። መልስ መስጫውን ከጥያቄው ጋር አስተያየሁት። 17ኛው ጥያቄ ከብዶት ዘሎታል። የ18ኛውን መልስ ግን ያጠቆረው 17 ቁጥር ላይ ነው። ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ አንድ አንድ ረድፍ ወደ ላይ ሄዷል። ልጁ ሒሳቡን ያውቃል፤ ወረቀቱን አያውቅም። ይሄ ነገር ሰኔ ላይ ቢደርስ ማን ይሰማው ነበር?

የቋንቋውም ነገር አለ። ሒሳብን ከእንግሊዝኛ መጽሐፍ የተማረ የግል ትምህርት ቤት ልጅ፣ የአማርኛ ጥያቄ ላይ «ታህት» (የክፍልፋይ ታችኛው ቁጥር) የሚል ቃል ሲያይ ይደነግጣል። ዲኖሚኔተር ቢሉት በእንቅልፍ ልቡ ይነግርዎታል። ይህን ልጅ ቃሉን ቀድሞ እንዲያውቀው ማድረግ ሽምደዳ ነው የሚለኝ ካለ፣ ይሁን፣ ሽምደዳ ነው።

ደግሞ እንነጋገር ካልን፣ አቅም ያለው ቤተሰብ አስጠኚ ቤቱ ድረስ ያስመጣል። እናቱ ጉሊት የምትውል ልጅ ግን ሞዴል ፈተና የሚያየው እኔ ክፍል ውስጥ ብቻ ነው። ዝግጅት ይቅር ብንል የሚቀረው የእሱ ነው።

አባት

መምህርት፣ ረድፍ የሳተው ልጅ አሳዝኖኛል። ግን ያንን ለማስተማር አንድ ከሰዓት ይበቃል። የእኔ ልጅ ከመጋቢት ጀምሮ በዚሁ ላይ ናት። የክወናና እይታ ጥበባት ክፍለ ጊዜዋ የሒሳብ ወርክሺት መሥሪያ ሆኗል። ስፖርትም እንደዚያው። ቅዳሜ እስከ ስድስት ሰዓት ማጠናከሪያ። እኔ እንኳ ቅዳሜ እስከ ስድስት አልሠራም።

ታዲያ ምን ተማረች? አንድ ማታ የአማርኛ ሞዴል እየሠራች አጠገቧ ተቀመጥኩ። ምንባብ አለው፤ ስለ ንብ ማነብ ነው። አምስቱንም ጥያቄ በሦስት ደቂቃ ጨረሰች፤ አራቱን አገኘች። «ምንባቡ ስለ ምንድነው?» አልኳት። «አላነበብኩትማ!» አለች፣ ገርሟት። መጀመሪያ ጥያቄውን ማየት፣ ከዚያ ቃሉን ምንባቡ ውስጥ መፈለግ ነው የተባሉት። ልጄ ንብ ሳትነካ ማሩን ወስዳለች።

እሁድ ደግሞ ሒሳብ ሆነ። 3/4 ሲደመር 1/6 ስንት ነው ይላል። ምርጫዎቹን በእጄ ሸፈንኩና «ሥሪው» አልኳት። ወረቀቱን አየች። እኔን አየች። «አባ፣ ምርጫ የለውም?»

የዚህን መጨረሻ ደግሞ አይተነዋል። የ2014 የ12ኛ ክፍል ፈተና ጥቅምት 2015 ላይ በየዩኒቨርሲቲው ሲሰጥ ከ896 ሺህ በላይ ልጅ ተፈተነ። ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጣው 29,909 ነው፤ 3.3 በመቶ። በዓመቱ ደግሞ 3.2 ሆነ። እነዚህ ልጆች ፈተና ጎድሏቸው ነው? ከትንሽነታቸው ጀምሮ ሲፈተኑ የኖሩ ናቸው እኮ።

መምህርቷ

መቼም 3.3ን የወርክሺት ጥፋት ማድረግ ትንሽ ይከብዳል፣ ወንድሜ። ፈተናው ከየትምህርት ቤቱ ወጥቶ ዩኒቨርሲቲ ሲገባ ኩረጃው መንገድ ላይ ቀረ። የተረፈው የልጁ የራሱ እውቀት ነው። እሱ ደግሞ ስስ ሆኖ ተገኘ። የ1986ቱን የትምህርት ፖሊሲ ተከትሎ ከ1ኛ እስከ 3ኛ ክፍል ያለ ልጅ ለረጅም ጊዜ እንዲሁ ነበር የሚያልፈው። ማንበብ ይችል አይችል ማንም በወጉ ሳይለካው ላይኛው ክፍል የደረሰ ስንት ተማሪ አስተምሬአለሁ። ያ ልጅ የተጎዳው ስለተለካ አይደለም። ዘግይቶ ስለተለካ ነው።

ወደ ልጅዎ ልመለስ። ምርጫው ሲሸፈን ግራ የገባት ክፍልፋይ መደመር ስላልገባት ነው። ሞዴሉ ችግሩን ገለጠው እንጂ አልፈጠረውም። እስቲ እጅዎን ያንሡና ምርጫዎቹን ይዩአቸው። 4/10 የሚል ሳይኖር አይቀርም። እኛ ጥያቄ ስናወጣ እሱን የምናስገባው ሆን ብለን ነው። ላዕልን ከላዕል፣ ታህትን ከታህት የደመረ ልጅ በቀጥታ እሱ ላይ ይወድቃል። 4/12 የሚልም እንጨምራለን፤ እሱን የመረጠው ልጅ ታህቱን አስተካክሎ ላዕሉን ረስቷል። ሁለቱም ዜሮ ያገኛሉ፤ ሁለቱን የማስተምራቸው ግን ለየብቻ ነው። ክፍሌ ውስጥ 20 ልጅ 4/10 ካለኝ ነገ ጠዋት ምን ይዤ እንደምገባ ዛሬ ማታ አወቅሁ ማለት ነው።

ደግሞም መፈተን ራሱ ያስተምራል። ሮዲገርና ካርፒክ የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን ተመራማሪዎች በ2006 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት ጥናት አለ። ጽሑፉን ደጋግሞ ካነበበው ይልቅ አንብቦ ራሱን የፈተነው ከሳምንት በኋላ የበለጠ አስታወሰ። ልጅዎ ደብተሯን አሥር ጊዜ ከምታገላብጥ ዘግታው ብትጠየቅ ይሻላታል።

አባት

ጥናቱን ስላነሱት ደስ አለኝ፤ እኔም አንብቤዋለሁ። ተፈታኞቹ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ነበሩ። የተሰጣቸውም ባዶ ወረቀት ነው። ያስታወሱትን ከራሳቸው አውጥተው ጻፉ። ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ አልነበረውም። እኔ እሁድ ምርጫውን ስሸፍን የእነሱን ሥራ ነው የሠራሁት፤ ትምህርት ቤቱ የሚሠራው ሌላ ነው።

የ4/10ን ነገር ግን አላውቅም ነበር። እውነቴን ነው፣ አስደነቀኝ። አስደንቆኝም አናደደኝ። ምክንያቱም ልጄ እስካሁን ስድስት ሞዴል ተፈትናለች፤ ቤት የመጣው ቁጥር ብቻ ነው። «38/50» በቀይ ስክሪፕቶ። የቱን 12 ነው የሳተችው? 4/10 ብላ ነው ወይስ 4/12? ሄጄ ጠየቅሁ። ጥያቄው እንዳይወጣ ወረቀት አንመልስም አሉኝ። እንደዚህ ያለ ሐኪም አይተው ያውቃሉ? ደም ያስመረምራል፣ ውጤቱን መሳቢያ ውስጥ ይቆልፋል፣ ሌላ ምርመራ ያዛል። በየወሩ የሞዴል ክፍያ እንዳለ ልብ ይበሉልኝ።

ደረጃውን ግን በር ላይ ይለጥፉታል። ያ አይቆለፍም። ልጄ 23ኛ ናት። ይህን ሰርቪሱ ውስጥ ያሉት ሁሉ ያውቃሉ፣ ሾፌሩም ጭምር።

መምህርቷ

ወረቀት የማይመልስ ሞዴል ፈተናን እኔም አልከላከልም። የ12 ዓመት ልጅን ስም በር ላይ መለጠፍንም አልከላከልም። ያልተመለሰ ወረቀት ልጁን ምንም አላስተማረውም፤ እዚህ ላይ ተረታሁ።

ቅዳሜን ግን አለቅም። እኔ ቅዳሜ አዲስ ወረቀት አላወጣም። ሐሙስ የሠሩትን እመልስላቸዋለሁ። እያንዳንዱ ልጅ ከሳተው ውስጥ ሦስት መርጦ ለምን እንደሳተ ለጓደኛው ይነግራል። «ቸኩዬ ነው» ማለት ክልክል ነው። 58 ልጅ ባለበት ክፍል በ40 ደቂቃ ይህን ማድረግ ምን እንደሚመስል አንድ ቀን መጥተው ይዩት። ቅዳሜ ያስፈለገኝ ለዚህ ነው። የልጅዎ ትምህርት ቤት ቅዳሜን ለምን እንደሚያባክነው እነሱን ይጠይቁ።

አባት

እጠይቃለሁ። ወረቀቱንም እጠይቃለሁ። እስኪሰጡኝ ድረስ ግን ቅዳሜ ልጄ አያቷ ጋ ትሄዳለች፤ ወስኛለሁ። ካስፈለገ 24ኛ ትውጣ።

ትናንት ማታ ወደ ቤት ስገባ አምባሻ ገዛሁ። «12 ቦታ ቁረጪው» አልኳት። አራተኛው ላይ ጠመመባት እንጂ ቆረጠችው። ከአምባሻው 3/4ኛውን ለእናቷ እንድትሰጥ ነገርኳት። ቆጠረች፣ አሰበች፣ ዘጠኝ ሰጠች። 1/6ኛውን ለወንድሟ። ሁለት። «ሁለቱ አንድ ላይ ስንት ወሰዱ?» አልኳት። ሳህኑ ላይ የቀረችውን አየች።

«ከ12 11። አንዷ ተረፈች» አለችና በላቻት።