የሂርሽፌልድ ፖስተሮች አይዘለሉ
የታዋቂ ሰዎችን መልክ እያጋነነ ይስል ስለነበረው አሜሪካዊ ካሪካቸሪስት አል ሂርሽፌልድ የጻፋችሁትን በደስታ አነበብኩ። የፊልም ፖስተር ሥራውን ግን ለእንጀራ ብቻ እንደሠራው አድርጋችሁ ማለፋችሁ ቅር አሰኝቶኛል። እጁን ያፍታታው እኮ እዚያ ነው! መንገደኛ ፖስተር ፊት ቆሞ አይመራመርም። ተዋናዩን ወዲያው ካላወቀው አለፈ በቃ። በኒውዮርክ ታይምስ ጋዜጣ ላይ ያየነው ቀጭን መስመሩም እንደዚያው ነው። ቅንድብ፣ አገጭ፣ ሰውየው መጣ።

እ.ኤ.አ. በ1945 ልጁ ኒና ስትወለድ ስሟን በፀጉርና በልብስ እጥፋት ውስጥ መደበቅ ጀመረ። ከፊርማው ጎን ያለው ቁጥር ስንት ቦታ እንዳለች ይናገራል (እኔ አሁንም ሁሉንም አግኝቼ አላውቅም)። በ1991 የአሜሪካ ፖስታ ቤት የኮሜዲያን ቴምብሮች ሲያሠራው እንኳ ኒናን እንዲያስገባ ተፈቅዶለታል። ይሄም እንደ ፖስተሮቹ የትዕዛዝ ሥራ ነው። እባካችሁ በሚቀጥለው ፖስተሮቹን አሳዩን።