ብሉ ቺዙን ተውትና ሞሰቡን ክፈቱ

ባለፈው ክረምት የእህቴ ልጅ ከፈረንሳይ ደሴ መጣች። ለእናቴ የያዘችላት ስጦታ በብርማ ወረቀት የተጠቀለለ ፎርማጆ ነበር። ሮክፎር ይባላል፤ ከበግ ወተት የሚሠራ ብሉ ቺዝ ነው። እናቴ ወረቀቱን ገለጥ አድርጋ ነጩ ላይ የተጋደመውን ሰማያዊ ደም ሥር አየች። አሸተተችው። ከዚያም ልጅቷን ላለማስቀየም ቀስ ብላ፣ «የኔ ልጅ፣ መንገድ ላይ ሻግቶብሻል» አለቻት።

ሳቃችን ሲያልቅ ጥያቄው ቀረ። ይህ ነገር ለጤና ጥሩ ነው መጥፎ? ቡና ሊጠጡ የመጡት ጎረቤታችን፣ «ፔኒሲሊንስ ከሻጋታ አይደል የሚወጣው? መድኃኒት ነው፣ ብዪው» አሏት።

መድኃኒትስ አይደለም። አሌክሳንደር ፍሌሚንግ በ1928 እ.ኤ.አ. ፔኒሲሊን ያገኘበት ሻጋታና የሮክፎሩ ሻጋታ ዘመዳሞች ናቸው እንጂ አንድ አይደሉም። መርዝም አይደለም። ሻጋታው ተመርጦ ሆን ተብሎ የሚጨመር ነው። ፎርማጆው በመርፌ ይወጋጋል፤ አየር በቀዳዳው ሲገባ ሻጋታው መስመሩን ተከትሎ ይበቅላል። እናቴ ደም ሥር መስሎ የታያት ያ ነው። ከዚያ ቀዝቃዛ ዋሻ ውስጥ ይቆያል፤ ቢያንስ 90 ቀን ሳይሞላው ሮክፎር ተብሎ አይሸጥም።

እኔን የሚያሳስበኝ ጨው ነው። አንድ ጉርሻ የምታህል 30 ግራም ቁራጭ ወደ 1 ግራም የሚጠጋ ጨው አላት። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ የሚመክረው በቀን ከ5 ግራም በታች ነው። ቡናውን ሳይቀር በጨው የሚጠጣ ሰው ባለበት አገር፣ ያውም ደም ግፊት ላለበት፣ ይህ ቀላል አይደለም። ነፍሰ ጡር ደግሞ ጭራሽ ባትነካው ይሻላል። ሮክፎር ከጥሬ ወተት ስለሚሠራ ሊስቴሪያ የሚባል ባክቴሪያ ሊኖርበት ይችላል። ይህ ባክቴሪያ ፍሪጅ ውስጥም ይራባል፤ ፅንስ እስከማስወረድ ይደርሳል። ሌላው ጤነኛ ሰው በፍስክ ቀን ትንሽ ቢቀምስ ምንም አይሆንም። ካልሲየምና ፕሮቲን ያገኝበታል። ለዚያ ግን የሰኞ ገበያ አይብ መች አነሰን?

በዚያው ሳምንት ነው ያየሁት። የጦሳ ተራራ ጉም ለብሷል፤ ቤቱ እርጥበት እርጥበት ይላል። እናቴ ሞሰቡን ከፍታ ከሥር የነበረውን እንጀራ አወጣች። ጠርዙ ላይ ሳንቲም የምታክል አረንጓዴ ነጥብ አለች። ያችን ቆንጠር አድርጋ ጣለችና የቀረውን ዘረጋችው። የፈረንሳዩን የፈራች ሴት!

የፈረንሳዩ ሻጋታ ማንነቱ ይታወቃል። የሞሰባችን ግን ሳይጠራ የመጣ ነው፤ ዘሩን በዓይን መለየት አይቻልም። እንጀራ ለስላሳ ስለሆነ የሻጋታው ክር ከነጥቧ አልፎ ውስጥ ለውስጥ ይሄዳል። ቆንጥሮ መጣል አያወጣውም። በእህል፣ በለውዝና በበርበሬ ላይ ከሚበቅሉት ሻጋታዎች አንዳንዶቹ አፍላቶክሲን የሚባል መርዝ ያመነጫሉ። ጉበት ይጎዳል፤ ሲደጋገም የጉበት ካንሰር ያመጣል። ማብሰልም አያጠፋውም። እህቴ የምትኖረው ኮምቦልቻ ነው። ከደሴ የሐረጎን ቁልቁለት ወርዶ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆን ነው፤ ሙቀቱ ግን ሌላ ነው። የእሷ እንጀራ ከእኛው አንድ ቀን ቀድሞ ይሻግታል። በርበሬውን በደንብ ሳይደርቅ ከረጢት ውስጥ አጭቀው የሚያስቀምጡ ሰዎችማ አሉ፤ እነሱን ሳይ ብሉ ቺዝ መፍራታችን ያስቀኛል።

ይህንን ሁሉ ለእናቴ ነገርኳት። ትንሽ አሰብ አድርጋ፣ «እሺ፣ እህል አይጣልም፤ ለጎረቤት ላም ስጥልኝ» አለችኝ።

አይ እማ፣ ላሟ የበላችው አፍላቶክሲን እኮ በወተቷ ይወጣል። ጠዋት ጠዋት ወተት የምንገዛው ደግሞ ከእነሱው ቤት ነው።