ድመት ባለበት ቤት የአይጥ መርዝ ለምን?

ብዙ ቤት ድመት የሚገባው ለአይጥ ተብሎ ነው። ነውር የለውም። ድመትና ሰው ጥንት የተቀራረቡትም በጎተራ አይጥ ሰበብ ነው። የማይገባኝ ግን፣ ድመት አምጥተን ሳናበቃ የአይጥ መርዝ ገዝተን ከቁም ሳጥን ኋላ ማስቀመጣችን ነው። «ድመት ብልህ ናት፣ አትነካውም» ይባላል። መርዙን ላትነካው ትችላለች። መርዙን የበላውን አይጥ ግን ትበላለች። የተመረዘ አይጥ ደግሞ ይደክማል፤ ቀድሞ የሚያዘው እሱ ነው።

ከአይጥ መርዞች ብዙዎቹ ደም እንዳይረጋ የሚያደርጉ ናቸው። ጉዳታቸው ወዲያው አይታይም፤ ከ3 እስከ 5 ቀን ሊቆይ ይችላል። ድመቷ ወደ ውስጥ ትደማለች። ድዷ ይነጣል፣ ትደክማለች፣ ትንፋሿ ይፈጥናል። በጊዜ ከተደረሰላት በቫይታሚን ኬ1 ልትድን ትችላለች። የመርዙን ማሸጊያ ይዞ ወደ እንስሳት ሐኪም መሮጥ ነው።

ችግሩ፣ ድመት ሕመሟን ትደብቃለች። አልጋ ሥር ትገባለች፣ ምግብ ትተዋለች፣ ጸጉሯን መላስ ታቆማለች። እኛ «አኮረፈች» ብለን እናልፋለን። ስናሻሻት ከጉሮሮዋ የምታሰማው ድምፅ እንኳ ሁልጊዜ የደስታ አይደለም፤ ሲያማትም ታሰማዋለች። ከአሸዋዋ ውጭ ከሸናች ደግሞ ዱላ ይነሳል። «ድመት መንኩሳ አመሏን አትረሳ» እየተባለ ስንቷ ታማሚ ተመታች! በተለይ ወንዱ ሊሸና ደጋግሞ ቁጢጥ ብሎ ጠብ ካላለው፣ የሽንት ቧንቧው ተዘግቶ ሊሆን ይችላል። ይህ በቀናት ውስጥ ይገድለዋል። ለነገ አይባልም።

እባካችሁ፣ አዝናችሁ ፓራሲታሞል እንዳትሰጧት። ጉበቷ መድኃኒቱን ማስወገድ አይችልም፤ አንድ ባለ 500 ሚሊ ግራም ፍሬ ሊገድላት ይችላል። ፎቅ ላይ የምትኖሩም መስኮቱን በወንፊት ሽቦ ሸፍኑት። ከፎቅ ከወደቀች በእግሯ ብታርፍም መንጋጋዋና ደረቷ ሊጎዳ ይችላል።

አይጡስ? ቀዳዳውን መድፈን፣ እህሉን ክዳን ባለው ዕቃ ማስቀመጥ፣ ቆሻሻ አለማሳደር፣ ካስፈለገም ድመቷ የማትደርስበት ቦታ ወጥመድ ማጥመድ ይቻላል። ኮንዶሚኒየም ውስጥ ግን የአንድ ቤት ጥንቃቄ አይበቃም። ድመቷ ደረጃውን ወርዳ የጎረቤትን አይጥ ትይዛለች። ስለዚህ የሕንፃው ኮሚቴ መርዝ ከማስቀመጡ በፊት በየበሩ እያንኳኳ ይናገር፤ ድመት ያላቸው በራቸውን እንዲዘጉ፣ ልጅ ያላቸውም እንዲጠነቀቁ።