ማስተካከያ፦ የስትራቶካስተር ቮልዩም ፖት 250 ወይስ 500?

ሰሞኑን ብዙ ሰው የተቀባበለው አንድ ጽሑፍ፣ የስትራቶካስተር ኤሌክትሪክ ጊታር ቮልዩም ፖት (ድምፁን ከፍና ዝቅ የሚያደርገው ቁልፍ ሥር ያለው ተለዋዋጭ ሬዚስተር) ከ250 ወደ 500 ኪሎኦም (የሬዚስተር መለኪያ) ሲቀየር ድምፁ ይወፍራል ይላል። ልክ አይደለም። እንዲያውም ይሾላል። የፖቱ ኦም ከፍ ሲል ወደ ግራውንድ (የሰርኪዩቱ ዜሮ መስመር) የሚያመልጠው ቀጭን ድምፅ ይቀንሳል፤ ስለዚህ ቀጭኑ ጎልቶ ይሰማል። የፒክአፕ (የክሩን ንዝረት ወደ ኤሌክትሪክ የሚቀይረው ክፍል) አምራቾች የሽቦ ንድፎችም በተለምዶ እንደ ስትራቶካስተሩ ላለ ሲንግል ኮይል (ባለ አንድ ጥቅል ሽቦ ፒክአፕ) 250፣ ድምፁ ወፈር ላለው ሀምበከር (ባለ ሁለት ጥቅል) ደግሞ 500 ነው የሚያሳዩት።

ቀድማችሁ ከቀየራችሁ ጊታሩ አይበላሽም። ድምፁ ጆሯችሁን ከወጋው የቶን ቁልፉን ትንሽ ዝቅ አድርጉት፤ ወይም የድሮውን ፖት መልሱ (ካልጣላችሁት ማለቴ ነው)። ገና ያልቀየራችሁ ደግሞ፣ የምትፈልጉት ወፍራም ድምፅ ከሆነ የመበየጃ ካውያ ከማንሳታችሁ በፊት ወፈር ያለ ክር ሞክሩ። ርካሽ ነው፤ ካልተመቻችሁም መመለሱ ቀላል ነው።