ዓይን ያወጣ ወዳጃችን

ጅማ ምን ጎደላት? ቡና አላት፣ ማር አላት፣ ዝናብማ ከበቂ በላይ አላት። የቀራት አንድ ነገር ነበር፤ ነጋ ጠባ የሚያየን ሰው። እሱም ዘንድሮ ተሟላልን። ሰፈራችን ባለካሜራ መነጽር ገባ።

የባለቤቱን ስም ልተወውና ዓይናማው ልበለው። እኛ ሁለት ሁለት ዓይን ይዘን ስንዞር እሱ ሦስት አለው። ሁለቱን እናቱ ሰጥታዋለች፣ ሦስተኛውን ዱባይ ያለች እህቱ ልካለታለች። «ዓይን አወጣ» ድሮ ስድብ ነበር። አሁን በካርቶን ታሽጎ የሚመጣ ዕቃ ሆኗል። ድሮ አላየሁም ለማለት «ዓይኔን ግንባር ያድርገው» ተብሎ ይማል ነበር። ይኸው መነጽሩ ግንባሩን ዓይን አደረገለት።

ጥበቡ እዚህ እስኪደርስ ብዙ መከራ አይቷል። ጉግል የመጀመሪያውን መነጽር በፈረንጆቹ 2013 በ1,500 ዶላር መሸጥ ጀምሮ ነበር። አሜሪካኖቹ ግን ክብሩ አልገባቸውም። አንዳንድ መጠጥ ቤት «ይህን አድርጎ መግባት ክልክል ነው» ብሎ በር ላይ ለጠፈ። ለለባሾቹም እዚህ የማይጻፍ የስድብ ስም ወጣላቸው። በ2015 መጀመሪያ ለተራው ሰው መሸጡ ቆመ። ፈረንጅ እንዲህ ነው፣ ፊት ለፊት ይናገራል። እኛ ይሉኝታ ስላለን ፀጉራችንን አስተካክለን ዝም እንላለን። ዓይናማው የተወለደበትን አገር አውቆ ነው የተወለደው።

አሁን የሚያደርገው ሬይባን ሜታ የሚባለውን ነው። በ2023 ሲወጣ ዋጋው ከ299 ዶላር ይጀምር ነበር። ካሜራው 12 ሜጋፒክስል ነው። ከሩቅ የፀሐይ መነጽር ይመስላል። ዓይናማው በክረምት ዝናብ፣ በምሽት፣ መብራት በጠፋበት ጭምር የፀሐይ መነጽር ማድረጉ ያስገረመን ሰዎች ነበርን። አላዋቂነታችን ነው።

ትልቁ ውለታው ግን እጅን ነጻ ማውጣቱ ነው። ይህን ረጋ ብዬ ላስረዳ።

ስልክ በነበረ ጊዜ ሰው አደጋ ላይ ሲደርስ ሰበብ ነበረው። እንዳይረዳ እጁ ተይዟል። መቼስ ስልኩን ጭቃ ላይ አይጥለው። መነጽሩ ይህን ችግር ፈታ። ባለፈው አጂፕ አካባቢ ዝናብ እንዳባራ አንድ ባጃጅ ተንሸራቶ ተገለበጠ። ዓይናማው ከሁሉ ቀድሞ ደረሰ። ትራፊክ ፖሊሱን ቀደመ፣ አምቡላንሱን ቀደመ፣ ባጃጁ እንኳ ገና ጎማው መሽከርከሩን አላቆመም። ሁለት እጁ ባዶ ነው።

ምን አደረገባቸው? ወደ ኋላ አጣመራቸው። መንገድ ሊመርቅ የመጣ ባለሥልጣን ነበር የሚመስለው።

ሾፌሩ ከሥር «ወንድሜ፣ ያዘኝ!» ይላል። ዓይናማው ጎንበስ አለ። ሁላችንም ሊይዘው ነው ብለን ነበር። ፊቱን በቅርብ ሊያይለት ኖሯል። አንገቱን ወደ ቀኝ ቀስ አድርጎ አዞረ፣ ወደ ግራ ቀስ አድርጎ መለሰ። ካሜራ የተሸከመ አንገት አይቸኩልም። አንዲት ጉልት ሻጭ ቲማቲሟን በትና ስትሮጥ መጣች። ሁለት የቀን ሠራተኞች ባጃጁን በትከሻቸው ገፍተው አቃኑት። ዓይናማው አንድም ጊዜ መንገድ አልዘጋባቸውም፣ ይህን ልመስክርለት። አንዴ ብቻ «ትንሽ ወደዚያ በሉልኝ፣ ብርሃን ጋረዳችሁኝ» ብሏል።

መነጽሩ አምስት ማይክሮፎን አለው። ቪዲዮው ላይ «ያዘኝ» የምትለዋ ቃል ጥርት ብላ ትሰማለች።

ስለ ዜና አዘጋጅነቱ ደግሞ ምን ልበል? አንድ ማለዳ ከጎረቤት ግቢ ጭስ ሲወጣ አየ። ወዲያው «ሰበር ዜና፤ ሰፈራችን በእሳት እየጋየ ነው» ብሎ ለቀቀ። 350 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀው አዲስ አበባ ያሉ ዘመዶቻችን እያለቀሱ ደወሉ። ግማሹ ሰፈር ጀሪካን ይዞ ወጣ። ነገሩ እትዬ ቡና ሲቆሉ ስልክ ተደውሎላቸው አርሮባቸው ነው። ጅማ ተወልዶ፣ ጅማ አድጎ፣ የቡና ጭስ አለመለየት ይከብዳል። ግን አትፍረዱበት፣ መነጽሩ አያሸትም። ደግሞ ተጠያቂነት የለውም እንዳትሉ። ከሰዓት በኋላ «እሳቱ በቁጥጥር ሥር ውሏል» ብሎ ጨመረ። እውነቱን ነው። እትዬ ምጣዱን አውርደው ነበር።

እንግዶች ይዞ ጅሬን ወጥቶ የአባ ጅፋርን ቤተ መንግሥትም አስጎብኝቷል። ማታ «እንዴት ነበር?» ብዬ ብጠይቀው «ገና አላየሁትም፣ ቪዲዮው ወደ ስልኬ አልገባም» አለኝ።

ለቅሶ ቤትም አይቀርም፣ እንዲያውም ከፊት ነው የሚቀመጠው። መነጽሩ በድምፅ ይታዘዛል። «ሄይ ሜታ» ተብሎ ተጠርቶ በእንግሊዝኛ ፎቶ አንሳ ይባላል፤ አማርኛ ገና አልለመደም። ድንኳኑ ጸጥ ባለበት፣ ሽማግሌው ለጸሎት ሊነሱ ሲሉ፣ ዓይናማው ጮክ ብሎ «ሄይ ሜታ!» አለ። አጠገቤ የነበሩት አዛውንት ክፉኛ ደነገጡ። «ለቅሶ ቤት ቢራ ይጠራል እንዴ?» አሉ በሹክሹክታ። ሌላው ደግሞ «ኧረ ተው አባቴ፣ ሐዘን ነው፣ ይቀዳለት» አለ።

መነጽሩ ሲቀርጽ ማዕዘኑ ላይ ትንሽ ነጭ መብራት ይበራል። ሰው እየተቀረጸ መሆኑን እንዲያውቅ ነው። መብራቱን በፕላስተር ቢሸፍኑት ካሜራው አልቀርጽም ብሎ ያምፃል። ፋብሪካው ዕቃው ላይ ትንሽ ይሉኝታ ገጥሞለታል ማለት ነው፤ ለለባሹ ግን መለዋወጫ አልላከም። መብራቱስ ይበራል፣ እኛ ምን እንደሆነ ካላወቅን ምን ዋጋ አለው? የሟች እህት ያን ብልጭታ አይታ «ልጄ፣ መነጽርህ ባትሪ ጨረሰ መሰለኝ» አለችው። እንባዋን እየጠረገች። እሱንም ቀርጾታል።

አንድ የሕግ ተማሪ ሊመክረው ሞክሮ ነበር። «የ1952ቱ ፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 27፣ የሰውን ምስል ያለ ፈቃዱ በአደባባይ ማሳየት አይቻልም ይላል» አለው። ዓይናማው ያልተማረ መሰለው! «አንቀጽ 28ንስ አነበብከው?» ብሎ መለሰለት። «በአደባባይ ለተደረገ ነገር ፈቃድ አያስፈልግም። ድንኳኑ የተተከለው የት ነው? መንገድ ላይ። መንገድ ምንድን ነው? አደባባይ።» ተማሪው አፉን ይዞ ቀረ። ዕድር ድንኳን ሲተክል ሕግ ይጠቅሳል ብሎ ማን ያስባል?

ከሳምንት በኋላ የባጃጁ ሾፌር ግንባሩ ላይ ፋሻ እንዳለ ሰፈር መጣ። የፈለገው ዓይናማውን ነው። ሊጣላው መስሎን ተነሳን። ልጁ ግን «ጋሼ፣ እባክህ ያን ቪዲዮ አሳየኝ። ማን ማን እንዳነሳኝ አላወቅኩም፣ ሄጄ ላመስግናቸው» አለው። ዓይናማው ደስ ብሎት ስልኩን አወጣ። ተሰብስበን አየን። የጉልት ሻጯ ነጠላ ጥግ ላይ ብልጭ ብሎ ጠፋ። የሁለቱ ሠራተኞች ፊት አልገባም፣ ጀርባቸው ብቻ ነው። ልጁ ስልኩን ወደ ዓይኑ አስጠጋው።

«እኚህ በረንዳው ላይ ያሉትስ ማን ናቸው?» አለ።

እኔ ነኝ። ከመንገዱ ማዶ፣ ባለሦስት እግር በርጩማ ላይ ተቀምጬ፣ እግሬን አነባብሬ። በአንዱ እጄ ስኒ ይዣለሁ፣ በሌላው ቆሎ። ምስሉ በጣም ጥሩ ነው፣ ቆሎው ይቆጠራል።