ይርጋው ከመቼ ጀምሮ ይቆጠር?

በታንዛኒያዋ አሩሻ ከተማ የሚገኙ ሁለት ፍርድ ቤቶች ይርጋን፣ ማለትም ክስ ወይም አቤቱታ የሚቀርብበትን የጊዜ ገደብ፣ በተለያየ መስፈሪያ ይለካሉ። በምሥራቅ አፍሪካ የፍትሕ ፍርድ ቤት አንድ ግለሰብ ክስ ለማቅረብ ያለው ጊዜ ሁለት ወር ብቻ ነው። የኬንያ የመብት ተሟጋቾች በኤልገን ተራራ አካባቢ እ.ኤ.አ. ከ2006 እስከ 2008 የተፈጸመውን ግድያና ማሰቃየት ይዘው ቀርበው ነበር፤ የይግባኝ ችሎቱ በ2012 ጊዜው አልፎበታል ብሎ አቤቱታውን ውድቅ አደረገው። ሐዘን ላይ የተቀመጠ ቤተሰብ በስልሳ ቀን ውስጥ ጠበቃ ያቆማል ብሎ መጠበቅ ጭካኔ ነው።

የአፍሪካ የሰብዓዊና የሕዝቦች መብቶች ፍርድ ቤት ግን የተቆረጠ ቀን የለውም። በአፍሪካ የሰብዓዊና የሕዝቦች መብቶች ቻርተር አንቀጽ 56 መሠረት አቤቱታ የሚቀርበው የአገር ውስጥ የፍትሕ መንገዶች ከተሟጠጡ በኋላ «ምክንያታዊ በሆነ ጊዜ ውስጥ» ነው፤ ምክንያታዊ መሆኑም በየጉዳዩ ይመዘናል። ይህ በጎ ሐሳብ ነው። ሠላሳ ዓመት የተፈረደበት ታንዛኒያዊ እስረኛ ሦስት ዓመት ከአምስት ወር ዘግይቶ ሲያመለክት፣ ፍርድ ቤቱ ድሃ፣ ሕግ የማያውቅና የታሰረ መሆኑን አይቶ በ2015 ጉዳዩን ተቀብሎታል።

ይሁን እንጂ ሚዛኑ ለተራ ሰው አይታይም። በ2017 አምስት ዓመት ከአንድ ወር የዘገየ አቤቱታ ተቀባይነት አገኘ፤ በ2019 አምስት ዓመት ከአራት ወር የዘገየ የሁለት እስረኞች አቤቱታ ወደቀ። የጣላቸው የሦስት ወሩ ልዩነት አልነበረም። ድህነታቸውን ብቻ ጠቅሰው፣ ማንበብ አለመቻላቸውን ወይም የፍርድ ቤቱን መኖር አለማወቃቸውን ስላላስረዱ ነው። ጠበቃ የሌለው እስረኛ ምን ምን ማስረዳት እንዳለበት ከየት ይወቅ?

ምስክር ይሞታል፣ መዝገብ ይጠፋል፤ መንግሥታት ገደብ መጠየቃቸው ተገቢ ነው። አውሮፓውያን በሰብዓዊ መብቶች ፍርድ ቤታቸው የነበራቸውን የስድስት ወር ገደብ በ2022 ወደ አራት አውርደውታል። እኛ ግን ያንን መንገድ ልንከተል አይገባም፤ የፍርድ ግልባጭ ፍለጋ መዝገብ ቤት ደጃፍ የተመላለሰ ሰው ምክንያቱን ያውቀዋል።

በእኔ እምነት መስተካከል ያለበት የቆጠራው መነሻ ነው። የመጨረሻውን ውሳኔ የሚሰጠው የአገር ውስጥ ፍርድ ቤት፣ ወደ አህጉራዊው ተቋም አቤት ማለት እንደሚቻል፣ የት እና እንዴት እንደሚቀርብ ባለጉዳዩ በሚያውቀው ቋንቋ በጽሑፍ ያሳውቀው፤ ማንበብ ለማይችልም ይነበብለት። ግልባጩና ማስታወቂያው እጁ እስኪገቡ ድረስ አንድ ቀን እንኳ አይቆጠርበት። ከዚያ በኋላ የአንድ ዓመት ገደብ ቢጣል አልቃወምም።

ኢትዮጵያ የአፍሪካውን ፍርድ ቤት ያቋቋመውን ፕሮቶኮል እ.ኤ.አ. በ1998 ፈርማ እስካሁን አላጸደቀችም። ስለዚህ ለዜጋዋ የሚቀረው በጋምቢያዋ ባንጁል የሚገኘው የአፍሪካ የሰብዓዊና የሕዝቦች መብቶች ኮሚሽን ነው። ይኸው ኮሚሽን ደቡብ አፍሪካ የተሰደደ አንድ የቀድሞ የዚምባብዌ ዳኛ 22 ወር ዘግይቶ ያቀረበውን አቤቱታ አልቀበልም ብሏል። ሕግ ሲተረጉም የኖረ ሰው ያልተሳካለትን፣ ጉዳዩ በሰበር ሰሚ ችሎት የተዘጋበት ገበሬ እንዴት ይወጣዋል? ፍርድ ቤቶቻችን የፕሮቶኮሉን መጽደቅ መጠበቅ አያስፈልጋቸውም፤ የባንጁሉን አድራሻ ከውሳኔያቸው ግርጌ ዛሬውኑ መጻፍ ይችላሉ።